የአሜሪካው የቲ ሬክስ ሸክላ ለምን ይጎተታል? ቅጂው ነው ወይስ ማጫወቻው?

ከዚራ 45

አቦ ሰላም ናችሁ? ስለ አንድ ሸክላ ልጠይቃችሁ። ከድሬዳዋው ታይዋን ገበያ የተገዛ ባለ 7 ኢንች፣ ባለ 45 ዙር ሸክላ ነው፤ ቲ ሬክስ የተባለው የእንግሊዝ ባንድ፣ አሜሪካ ውስጥ ሪፕሪዝ የተባለ ኩባንያ ያሳተመው። መሃሉ ላይ ያለው ወረቀት የዘፈኑን ስም «ባንግ ኤ ጎንግ» ይለውና «ጌት ኢት ኦን» የሚለውን በቅንፍ ያስቀምጠዋል። በጀርባው «ሮው ራምፕ» አለ።

ችግሩ እንዲህ ነው። ኢንተርኔት ላይ ያለው ዘፈን 4 ደቂቃ ከ25 ሰከንድ ገደማ ነው፤ ይሄኛው 5 ከ18 ይፈጃል። የዘፋኙ የማርክ ቦላን ድምፅ ወፍሯል፣ ከበሮው ዳገት እንደሚወጣ ሰው ይጎተታል። በጊታር ሲሞከር ኢንተርኔት ላይ ያለው ኢ በሚባለው ኖታ ላይ ነው፣ የእኛው ሲ ሻርፕ አካባቢ ወርዷል። ስለዚህ «አሜሪካኖቹ ለብቻው ዝግ ያለ ቅጂ አውጥተው ይሆናል» የሚል ግምት አለ። ማጫወቻውን አልጠረጠርኩትም፤ የሚሽከረከረው ሳህን ጠርዝ ላይ ያሉት ነጠብጣቦች በትንሿ ቀይ መብራት ሲታዩ ቀጥ ብለው ይቆማሉ፣ ከቆሙ ደግሞ ፍጥነቱ ልክ ነው ይባላል። ዕቃው የአሜሪካ ስለሆነ ከ220 ወደ 110 በሚያወርድ ትራንስፎርመር ነው የምንጠቀመው።

ሌላው፣ የሸክላው ቀዳዳ ትልቅ ስለሆነ በካርቶን ተሞልቷል፤ ድምፁ በየዙሩ ይወዛወዛል። ሲታጠብም ነጭ ነገር ጥሎበታል።

ቅዳሜ በርጫ ላይ ለአሥር አሥራ አምስት ሰው ልናስደምጠው ነው፤ ስለ ዘፈኑ አጠር አድርጌ የምናገረው እኔ ነኝ። ያኔ ሲወጣ ሰው እንዴት ተቀበለው? ስሙስ ለምን ተቀየረ? አንዱ «ቃሉ ነውር ስለሆነ ሳንሱር ተደርጎ ነው» ይላል፣ ሌላው ፒያኖውን የሚመታው ኤልተን ጆን ነው ይላል። ስህተት ይዤ ሰው ፊት መቆም አልፈልግም።

ሳቢያን ቶርኖ

እህቴ፣ ሌላ ቅጂ አይደለም። ሸክላው ጤነኛ ነው፤ የሸወዱሽ ነጠብጣቦቹ ናቸው።

5 ከ18 ማለት 318 ሰከንድ፣ 4 ከ25 ማለት 265 ነው። 318ን ለ265 አካፍዪው፤ 1.2 ይመጣል። አሁን 60ን ለ50 አካፍዪ፤ እሱም 1.2 ነው። የአሜሪካ መብራት 60 ሄርዝ ነው፣ የእኛ 50፤ ሄርዝ ማለት ኤሌክትሪኩ በሰከንድ ስንት ጊዜ እንደሚመላለስ ነው። ትራንስፎርመር ቮልቱን ያወርዳል እንጂ ሄርዙን አይነካም። በቺንጋ ወይም ሳህኑን በሚነካ ጎማ የሚሠሩ የድሮ ማጫወቻዎች ሞተራቸው ፍጥነቱን የሚወስደው ከሄርዙ ነው፤ ስለዚህ 45 ዙር ያልሽው በደቂቃ 37.5 እየዞረ ነው። ድምፁም ከሦስት ግማሽ ድምፅ ትንሽ አለፍ ብሎ ይወርዳል፤ ከኢ ሦስት ስትወርጂ ሲ ሻርፕ ላይ ታርፊያለሽ። ጊታሩ ልክ ነው የነገራችሁ።

ነጠብጣቦቹ ለምን ቆሙ? ቀይዋ መብራት የምትበራውም በዚያው ኤሌክትሪክ ነው። 60 ሄርዝ ላይ በሰከንድ 120 ጊዜ ብልጭ ትላለች፣ እኛ ጋ 100 ጊዜ። ለ60 ሄርዝ የተሠራ ሳህን ለ45 ዙር 160 ነጠብጣብ አለው። በደቂቃ 6,000 ብልጭታ ለ160 ሲካፈል 37.5። ሞተሩም መብራቷም እኩል ስለዘገዩ እርስ በርሳቸው ይመሰካከራሉ፤ ሌባና ተባባሪው በአንድ ቃል እንደሚቆሙት። እንደውም ነጠብጣቦቹ መቆማቸው ሞተሩ ከሄርዝ ጋር የታሰረ ዓይነት መሆኑን ነው የሚነግረን። ዳይሬክት ድራይቭ የሚባለው፣ ሞተሩ ያለ ቺንጋ ሳህኑን በቀጥታ የሚያዞርበት ዓይነት ቢሆን ኖሮ ሸክላው በልኩ ይዞር፣ ነጠብጣቦቹ ደግሞ ይሮጡ ነበር።

ማረጋገጫው አምስት ሳንቲም አያስወጣም። ሳህኑ ጠርዝ ላይ ትንሽ ነጭ ወረቀት ለጥፊ፣ ሁለት ደቂቃ በስልክ ቪዲዮ አንሺው፣ ከዚያ ረጋ ብለሽ ቁጠሪ። 90 ከዞረ እኔ ተሳስቻለሁ። 75 ከዞረ ነገሩ አለቀ።

እስከዚያው የሞተሩን ሙቀት በእጅሽ ዳሰስ እያደረግሽ እዪው። ለ60 ሄርዝ የተጠቀለለ ሞተር በ50 ሄርዝ ሙሉ ቮልት ሲሰጠው ከሚገባው በላይ ኩረንት ይስባል። ጀርባው ላይ 117 ቮልት ተጽፎ ከሆነ፣ በ50 ሄርዝ የሚመቸው 117 ሲባዛ 50 ሲካፈል ለ60፣ ማለትም 97.5 አካባቢ ነው። ትራንስፎርመርሽ የ100 ቮልት መውጫ ካለው እሱን ተጠቀሚ፤ ፍጥነቱ አይለወጥም፣ ሙቀቱና እምምታው ግን ይቀንሳል።

ፈረስ መጋላ

ከሐረር ሰላምታ። የመካኒኩን ነገር ለባለሙያው ትቼ ወደ ዘፈኑ ልግባ። ቀኖቹም ዓመቶቹም በፈረንጅ ናቸው።

መጀመሪያ ስሙን እናጥራው፤ የሳንሱር ወሬው ትክክል አይደለም። በዚያው በ1971 ቼዝ የተባለ የአሜሪካ የጃዝ ሮክ ባንድ፣ ጥሩምባ በጥሩምባ የሆነ፣ «ጌት ኢት ኦን» የሚል ዘፈን ነበረው፤ ቢልቦርድ የሚባለው የአሜሪካ የዘፈን ሰንጠረዥ ላይም ገብቶ ነበር። ሪፕሪዝ ሁለቱ እንዳይምታቱ ብሎ «ባንግ ኤ ጎንግ»ን ከዘፈኑ አዝማች ላይ አንስቶ ከፊት ለጠፈው። እንግሊዝ ውስጥ በፍላይ ኩባንያ፣ በቁጥር ቢዩጂ 10 የወጣው ግን «ጌት ኢት ኦን» ብቻ ነው የሚለው። የእንግሊዙ ጀርባ ላይ ከ«ሮው ራምፕ» ሌላ «ዜር ዎዝ ኤ ታይም» የምትባል አጭር ነገር አለች። ቀረጻው አንድ ነው፤ በሁለቱም ሸክላ ላይ ያው ዘፈን ነው።

ኤልተን ጆን ፒያኖውን አልመታም። ወሬው የመጣው ከቴሌቪዥን ነው፦ በ1971 ታኅሣሥ ወር ቢቢሲ «ቶፕ ኦቭ ዘ ፖፕስ» ላይ ኤልተን ከባንዱ ጋር ፒያኖ ፊት ተቀምጦ የሚመታ አስመስሏል። ሸክላው ላይ ጣቱን ከቁልፎቹ ጫፍ እስከ ጫፍ እያንሸራተተ «ፍርርር» የሚያደርገው ሪክ ዌክማን ነው። ያኔ የቤት ኪራይ የቸገረው፣ ለሰው እየተከፈለው የሚመታ ልጅ ነበር፤ ለዚያች ማንሸራተት 9 ፓውንድ ወሰደ። ብዙም ሳይቆይ የስ የተባለው ባንድ ውስጥ ገብቶ ስሙ ገነነ። ሳክስፎኖቹን የነፋው የኪንግ ክሪምሰን ባንዱ ኢያን ማክዶናልድ ነው፤ አንድ ባሪቶንና ሁለት አልቶ ለየብቻ ተቀድተው ተደራርበዋል። ከኋላ ቀጠን ብለው የሚጮኹት ማርክ ቮልማንና ሃዋርድ ኬይላን ናቸው፤ ከተርትልስ ባንድ ወጥተው ከፍራንክ ዛፓ ጋር ይሠሩ የነበሩት። አዘጋጁ ቶኒ ቪስኮንቲ። እነዚህን በስማቸው እየጠራሽ «አሁን ስሙት» ብትዪ፣ ሰው የታሪክ ትምህርት ሳይመስለው ይከተልሻል።

አቀባበሉን በተመለከተ ሦስት ቦታ ከፍለሽ እዪው፤ ሦስቱ አይመሳሰሉም።

ሕዝቡ ወዲያው ወደደው። በሐምሌ 24 ቀን 1971 የእንግሊዝ ሰንጠረዥ አንደኛ ላይ ወጥቶ አራት ሳምንት ተቀመጠ። ከሱ በፊት ወንበሩ ላይ የነበረው ሚድል ኦቭ ዘ ሮድ በ«ቸርፒ ቸርፒ ቺፕ ቺፕ»፣ ያወረደችው ደግሞ ዳያና ሮስ ናት። ቲ ሬክስ ለእንግሊዝ እንግዳ አልነበሩም፤ «ራይድ ኤ ዋይት ስዋን» ሁለተኛ ደርሶ፣ «ሆት ላቭ» በዚያው ዓመት መጋቢት ላይ ስድስት ሳምንት አንደኛ ሆኖ ነበር። ግላም ሮክ የሚባለው ነገር ጅማሬው የሚቆጠረውም ከ«ሆት ላቭ» ነው፤ ቦላን ዓይኖቹ ሥር ብልጭልጭ ተቀብቶ ቴሌቪዥን ላይ የቀረበበት። እዚህ ላይ የራሴን ልበል፦ «ጌት ኢት ኦን» ለጆሮ ብቻ ከተተወ ግላም አይደለም፣ የአሜሪካዊው የሮክ ኤንድ ሮል ዘፋኝ የቻክ ቤሪ ዓይነት ቡጊ ነው። ብልጭልጩ ፊቱ ላይ ነው ያለው። ቦላን ራሱ የቻክ ቤሪን «ሊትል ኩዊኒ» መቅዳት ፈልጎ እንደጻፈው ተናግሯል፤ መጨረሻ ላይ ድምፁ እየከሰመ ሲሄድ ከዚያ ዘፈን የተወሰደች አንዲት ሐረግ ያጉተመትማል። ያንን ቅዳሜ ድምፁን ከፍ አድርገሽ አሰሚ፤ ብዙ ሰው ዘፈኑ አለቀ ብሎ ማውራት የሚጀምረው እዚያ ጋ ነው።

የድሮ አድናቂዎቹ ደግሞ ተቀየሙ። ባንዱ ከ1970 በፊት ታይራኖሶረስ ሬክስ ይባል ነበር፤ ሁለት ሰው፣ ተራ ጊታርና ቦንጎ፣ ስለ ጠንቋይና ስለ ተረት የሚዘፍኑ። ምንጣፍ ላይ ተቀምጦ የሚሰማቸው የሂፒ ወገን ነበር። ጊታሩ ኤሌክትሪክ ሆኖ፣ ስሙ አጥሮ፣ ልጃገረዶች መጮህ ሲጀምሩ ያ ወገን «ሸጠን» አለ። የዚህ ቅያሜ ዋና ምሳሌ ጆን ፒል ነው። የቢቢሲ ራዲዮ አቅራቢው ፒል ማንም ሳያውቃቸው ያጫወታቸው፣ በመጀመሪያ አልበማቸው ላይ ሳይቀር ተረት ያነበበላቸው ሰው ነበር። «ጌት ኢት ኦን»ን ግን አልወደደውም፣ ይህንንም አልደበቀም። የሁለቱ ወዳጅነት በዚያው ቀዘቀዘ።

አሜሪካ ዘግይታ ነው የመጣችው። መጋቢት 1972 ላይ አሥረኛ ደረሰ፤ እንግሊዝ ውስጥ አንደኛ ከሆነ ከሰባት ወር በላይ ካለፈ በኋላ ማለት ነው። ለቲ ሬክስ እዚያ አርባዎቹ ውስጥ የገባላቸው ዘፈን ይሄ ብቻ ሆኖ ቀረ። እንግሊዝ ውስጥ በዚያው በ1972 «ቴሌግራም ሳም» እና «ሜታል ጉሩ» አንደኛ እየሆኑ ነበር፤ አሜሪካ አልሰማቸውም ቢባል ይቀላል። ስለዚህ እጅሽ ላይ ያለው ሸክላ የአሜሪካ ብቸኛው የቦላን ስኬት ነው።

ከዚራ 45

ቆጠርነው። በሁለት ደቂቃ 75! አቦ ነጠብጣቦቹን ማን ያምናል ከእንግዲህ።

ጀርባው ላይ 117 ቮልት 60 ሄርዝ ይላል። የሚሠራው በቺንጋ ነው፤ ሞተሩ ላይ ቺንጋው የሚጠመጠምባት ባለሁለት ደረጃ ትንሽ ፑሌጃ አለች። ለቅዳሜ ሦስት ቀን ነው ያለን። ፑሌጃዋ ላይ ፕላስተር ብንጠቀልልባትስ?

ሳቢያን ቶርኖ

ፕላስተሩን ተዪው። የሚደራረብበት ቦታ ጉብታ ይፈጥራል፤ ሞተሩ በዞረ ቁጥር ቺንጋው ይዘላል፣ ድምፁም እንደ በግ ይንቀጠቀጣል። በድሬ ሙቀት ደግሞ ሙጫው ቀልጦ ቺንጋውን ያበላሸዋል።

ትክክለኛው መፍትሔ አዲስ ፑሌጃ ቶርኖ ቤት ማስቆረጥ ነው፤ የግማሽ ቀን ሥራ ነው። ብዙ ሰው የሚሳሳትባት አንድ ሒሳብ አለች። ዲያሜትሩን በ1.2 ማባዛት ብቻ አይበቃም፤ ቺንጋው ራሱ ውፍረት አለው። ሂሳቡ እንዲህ ነው፦ የድሮውን ዲያሜትር ከቺንጋው ውፍረት ጋር ደምሪ፣ በ1.2 አባዢ፣ ከዚያ ውፍረቱን መልሰሽ ቀንሺ። ለምሳሌ የ45ቱ ደረጃ 10 ሚሊ ቢሆን፣ ቺንጋው 0.6 ሚሊ፦ 10.6 ሲባዛ በ1.2 ይሆናል 12.72፤ 0.6 ሲቀነስ 12.12። ዝም ብለሽ 12.0 ብታስቆርጪ አንድ በመቶ ገደማ ትዘገያለሽ። ሁለቱንም ደረጃ በየራሱ አስሊ።

ለባለሙያው የምትነግሪው ይሄን ነው። ነሐስ ይሁን። ውጩም የመሃል ቀዳዳውም ከማሽኑ ሳይፈታ በአንድ አያያዝ ይቆረጥ፤ ፈትቶ ገልብጦ ከያዘው መሃሉ ይስታል፣ ሁለት መቶኛ ሚሊ ብትስት ራሱ ጆሮ ያውቃታል። የድሮዋን ፑሌጃ ወገብ በደንብ እይው፤ መሃሏ ከጠርዟ በጣም በጥቂቱ ያበጠ ከሆነ አዲሷም እንደዚያ ትሁን። ቺንጋው ከመሃል እንዳይወጣ የሚይዘው ያ እብጠት ነው። በካሊፐር ስትለኪም ያበጠው ላይ ለኪ። የድሮዋን አትጣዪ፤ ተስተካክሎ ካልመጣ መመለሻ ናት።

አዲሷ ከገባች በኋላ በነጠብጣቦቹ አትለኪ። አሁን በልኩ ሲዞር ይሮጣሉ፤ መሮጣቸው ነው ልክ። ለ50 ሄርዝ የተሠራ የመለኪያ ወረቀት ለ33⅓ 180 መስመር፣ ለ45 ደግሞ 133 መስመር አለው። እሱንም ኤልኢዲ አምፖል ሥር አትሞክሪው፤ ብዙዎቹ አይርገበገቡም። እንደገና ወረቀት ለጥፎ መቁጠር ይሻላል፤ 90 መምጣት አለበት።

ቶርኖ ቤት ካልደረሰልሽ ለቅዳሜ ሌላ መንገድ አለ። ሸክላውን እንደተጎተተ ወደ ኮምፒውተር ቅጂው፣ ከዚያ በሶፍትዌር አፍጥኚው። ኦዳሲቲ ላይ ድምፁንና ጊዜውን አብሮ የሚያፈጥነውን ምረጪ፣ ማባዣው 1.200። ቴምፖ ብቻ የሚለውን ከነካሽ ዘፈኑ ያጥርና ቦላን ያው ጎርናና ሆኖ ይቀራል። ስትቀጂ ከፍተኛው ድምፅ ከዜሮ 6 ዴሲቤል ዝቅ ይበል፤ አንድ ጊዜ ከተቆረጠ አይመለስም። ጨርሰሽ ርዝመቱን እዪ፤ 5 ከ18 የነበረው ወደ 4 ከ25 መውረድ አለበት። የባስና የቀጭን ድምፅ ሚዛኑ ትንሽ ይዛባል፣ ምክንያቱም ቅድመ ማጉያው ማስተካከያውን የሚሠራው ሸክላው በልኩ ይዞራል ብሎ ነው፤ ግን ከ1.6 ዴሲቤል አይበልጥም፣ በርጫ ላይ ማንም አይሰማውም።

ለገሃር ማዶ

የካርቶኑን ነገር ዝም ብላችሁ አለፋችሁት። የሚወዛወዘው በሱ ነው።

የአሜሪካ ባለ 45 ዙር ሸክላ ቀዳዳው 38 ሚሊ ገደማ ነው፣ የማጫወቻው ዘንግ 7 ሚሊ ገደማ። ካርቶኑ ግማሽ ሚሊ እንኳ ወደ ጎን ከገፋው፣ ከመሃሉ 60 ሚሊ ርቀት ላይ ድምፁ ከላይና ከታች 0.83 በመቶ ይዋዥቃል፤ የግማሽ ድምፅ ሰባተኛ ያህል ነው። ወደ ውስጥ ባለቀ ቁጥር ይብሳል። ከበሮ ላይ አይታወቅም፣ የተጎተተ ሳክስፎን ላይ ግን ጉድ ያፈላል።

ለፑሌጃው ቶርኖ ቤት መሄዳችሁ ካልቀረ፣ እግረ መንገዳችሁን ከናይለን ወይም ከቴፍሎን አንድ ድቡልቡል አስቆርጡ። መጀመሪያ የሸክላውን ቀዳዳ በካሊፐር ለኩ፤ ውጩ ከሱ 0.2 ሚሊ ያህል ይነስ፣ የመሃሉ ቀዳዳ ዘንጉ ላይ ሳይንገጫገጭ ልክ ይግባ፣ ቁመቱ 8 ሚሊ ቢሆን በጣት ለማንሳት ይመቻል። በኃይል አታስገቡት፤ ሸክላው ይሰነጠቃል። ከዚህም በኋላ ከተወዛወዘ ሸክላው ራሱ ሲታተም ቀዳዳው ስቶ ነው። ያኔ ሌላ ግማሽ ሚሊ አስነሱለትና ላላ አድርጋችሁ በእጅ አስተካክሉት፦ ሸክላው ሲዞር የመርፌውን ክንድ ከፊት ለፊት ተመልከቱ፤ ወደ ግራና ቀኝ የሚሄድ ከሆነ ሸክላውን በጣት ጫፍ ገፋ ገፋ እያደረጋችሁ ክንዱ እስኪረጋ ድረስ። በርግጥ መርፌውን አንስታችሁ ነው የምትገፉት።

ነጩ ነገር የድሬ ውሃ ነው። ማንቆርቆሪያችሁ ውስጥ የሚጋገረው ያው ጠጠር። ሸክላውን በሱ አጥቦ ማድረቅ ማለት መርፌው በሚሄድበት ቦይ ውስጥ ኖራ መሙላት ነው። ለመኪና ባትሪ መጨመሪያ የሚሸጠውን የተጣራ ውሃ ግዙ፤ ግን ዕቃው ላይ የተጻፈውን አንብቡ፣ እዚያው መደርደሪያ ላይ አሲድም ይሸጣል። ግማሽ ሊትር ውሃ ውስጥ አንድ ጠብታ የዕቃ ማጠቢያ ሳሙና፤ ከዚያ አይበልጥ። ለስላሳ ጨርቅ ነክራችሁ የቦዩን አቅጣጫ ተከትላችሁ በክብ ጥረጉ፣ ከመሃል ወደ ዳር አትጎትቱ። ወረቀቱን አታርጥቡት። ከዚያ ሳሙና በሌለው በተጣራው ውሃ ደግማችሁ፣ ጥላ ውስጥ በጠርዙ አቁማችሁ አድርቁ። ነጩ ካልለቀቀ ሁለትና ሦስት ጊዜ ድገሙ እንጂ በጥፍር ወይም በኮምጣጤ አትታገሉት።

አልኮልና ሳኒታይዘር አታስነኩት። የዚያን ጊዜ የአሜሪካ ትንንሽ ሸክላዎች ብዙዎቹ ቪኒል አይደሉም፤ ስታይሪን የሚባል ደረቅ ፕላስቲክ ናቸው። ጠርዙን በጥፍራችሁ ቀስ አድርጋችሁ ምቱት፤ ቪኒል ድፍን ያለ ድምፅ ይሰጣል፣ ስታይሪን ቀጭን «ጠቅ» ይላል። ስታይሪን ከሆነ ያረጀ መርፌ በአንድ ምሽት ያበላሸዋል፤ ከዚያ በኋላ የሚሰማው «ሽሽሽ» በማጠብ አይለቅም። ጫፉ ክብ የሆነ አዲስ መርፌ ተጠቀሙ፣ ክብደቱ አምራቹ ባለው ልክ ይሁን። መርፌው ላይ ሳለ ሸክላውን በእጅ ወደ ኋላ አትመልሱ፤ ዲጄ መሆን ለቪኒል ነው።

መጋላ 2

እጣን ከማጫወቻው አጠገብ አታጭሱ። ጭሱ መርፌው ጫፍ ላይ ይጋገራል፣ ድምፁን ያፍናል። ሸክላውንም ባጃጅ ውስጥ ፀሐይ ላይ ጥላችሁ ቡና ልትጠጡ እንዳትሄዱ፤ ተጣሞ ነው የምታገኙት።

ከዚራ 45

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። ቶርኖ ቤቱ ለዓርብ ብሎናል፤ ድቡልቡሉንም አብረን አዝዘናል። ጥፍር ሲመታው «ጠቅ» ነው የሚለው፣ ስታይሪን ነው መሰለኝ።

@ፈረስ መጋላ፣ ከ1972 በኋላ ዘፈኑ ምን ሆነ? ሰዉ ይጠይቀኛል።

ፈረስ መጋላ

ቦላን መስከረም 16 ቀን 1977 በመኪና አደጋ ሞተ፤ 30 ዓመት ሊሞላው ሁለት ሳምንት ቀርቶት ነበር። ዘፈኑ ግን ሁለተኛ ሕይወት አገኘ። በ1985 ፓወር ስቴሽን የተባለ ባንድ እንደገና ዘፈነው፦ ሮበርት ፓልመር፣ ከዱራን ዱራን ባንድ ሁለቱ ቴይለሮች፣ ከበሮ ላይ ቶኒ ቶምፕሰን። አቀባበሉ ተገለበጠ። አሜሪካ ውስጥ ዘጠነኛ ደረሰ፣ ማለትም ከቦላኑ በአንድ ደረጃ በለጠ፤ አንደኛ ባደረገችው እንግሊዝ ግን 22ኛ ላይ ቆመ። ምክንያቱ አያስቸግርም። እንግሊዝ ውስጥ የባለቤቱን ድምፅ የማያውቅ የለም፤ አሜሪካ ውስጥ ያኛውን የሚያስታውስ ጥቂት ነው። የከበሮው ድምፅም የ80ዎቹ ነው፣ ግድግዳ የሚያፈርስ። የቦላኑ የሚያምረው ግን በመቆጠቡ ነው፤ ከበሮው ወደ ፊት አይሮጥም፣ ጊታሩም ከዚያችው ከአንዲት ሐረግ አይወጣም።

ቅዳሜ ለሚመጡት ቅርብ የሚሆነው ግን ይሄ ነው። ፓወር ስቴሽን ይህን ዘፈን ሐምሌ 13 ቀን 1985 ፊላደልፊያ ላይ በላይቭ ኤድ መድረክ ተጫውተውታል። በእኛ ሐምሌ 6 ቀን 1977 ነው፤ ኮንሰርቱም የተዘጋጀው ለ77ቱ ድርቅ ገንዘብ ለማሰባሰብ ነው። ሮበርት ፓልመር አልነበረም፤ በሱ ቦታ የዘፈነው ማይክል ደ ባር ነው፣ ራሱ በ70ዎቹ ሲልቨርሄድ የተባለ የግላም ባንድ ዘፋኝ የነበረ። የሆነው ሆኖ የ1971 የግላም ዘፈን፣ በግላም ዘፋኝ አፍ፣ ስለ እኛ በተጠራ መድረክ ላይ ተሰማ። ከዚህ አትጀምሪ፤ ድራማ ይሆንብሻል። መጀመሪያ ሸክላውን አሰሚ፣ ከዚያ ጀርባውን «ሮው ራምፕ»ን፣ ይሄን ሰው ሲጠይቅሽ ብቻ አንሺው።

ሳቢያን ቶርኖ

አንድ ነገር ልጨምር፣ የቅዳሜ መብራት አይታመንምና። መብራት ቢሄድና ጀነሬተር ቢነሳ ይሄ ሞተር የጀነሬተሩን ሄርዝ ነው የሚከተለው። ትንንሽ ጀነሬተሮች ጭነት ሲያንሳቸው 52 ሄርዝ ላይ ይወጣሉ፤ ያ አራት በመቶ ፍጥነት ነው፣ ቦላን ይቸኩላል። ከሌላ ማብሰያ ወይም ማሞቂያ ጋር ስታያይዙት ደግሞ ይወርዳል፣ ዘፈኑም ከነሱ ጋር ይወርዳል። ከመጀመራችሁ በፊት ጀነሬተሩ ላይ አምፖልና ማራገቢያ አብሩበት፣ በማስደመጫው ሰዓት ምንም አትሰኩ፣ አትንቀሉ። የወረቀቱን ቆጠራ በጀነሬተር ላይ እያለ አንድ ጊዜ ድገሙት፤ በደቂቃ 45 ከሞላ አጫውቱ። ካልሞላ የኮምፒውተሩን ቅጂ በባትሪ አሰሙና ሸክላውን እንዲያዩት ብቻ አዙሩላቸው።

ከዚራ 45

ፑሌጃዋ መጣች። 12.3 ወጥታለች፣ ባሰላነው 12.2 መሆን ነበረባት። ሁለት ደቂቃ ቆጥረን ከ90 ትንሽ አለፈ፤ በጥሩ ወረቀት ይላስላት ወይስ እንተወው?

ሳቢያን ቶርኖ

በወረቀት አታስልሱት፤ ክብነቷ ይጠፋል። አንድ አሥረኛ ሚሊ ማለት 0.8 በመቶ ነው፣ ጆሮ አያውቀውም። ዘፈኑ 2 ሰከንድ ያጥራል። ካስጠላሽ ከቅዳሜ በኋላ ወደ ማሽኑ ትመለስና መሃሏ ሳይስት አምስት መቶኛ ሚሊ ከላይዋ ይነሳላት።

ከዚራ 45

ትሂድ በቃ። ዓርብ ማታ ሳሙናና የተጣራ ውሃ ይዘን ሸክላውን እናጥባለን።